ከሦስት አንድ ሲቀነስ አንድ፦ የጠፋው ፌዝ ታሪክ

ቀራንዮ መድኃኔዓለምን አለፍ ብሎ ያለ አንድ ወፍጮ ቤት ነው። የጾም መያዣ ሰሞን ስለሆነ የሽሮና የበርበሬ ከረጢቶች እስከ በሩ ተሰልፈዋል። ወፍጮው ግን ቆሟል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለችው ግራጫ ሳጥን፣ ባለሙያዎች «ድራይቭ» ወይም «ኢንቨርተር» የሚሏት፣ በትንሿ መስታወቷ ላይ የስህተት መልእክት ታበራለች፦ የሞተር ፌዝ ደብልዩ ጠፍቷል።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት እስካሁን ሦስት ምክር ሰምተዋል። የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መልቲሜትሩን ከሳጥኗ መውጫ ላይ አስገብቶ ለካና «ጋሼ፣ ሞተሩ ተቃጥሏል፤ መጠቅለል አለበት» አላቸው። ሁለተኛው ሳጥኗን በአዲስ መቀየር ነው የሚያዋጣው አለ። ሰልፍ የያዙት ደንበኞች ደግሞ በአንድ ድምፅ «መብራት ኃይል ነው አንዱን ፌዝ የቆረጠው» አሉ። የመጀመሪያውና ሁለተኛው ምክር ብዙ ገንዘብ ያስወጣሉ፤ ሦስተኛው ነጻ ነው፣ ግን መጠበቅ ይጠይቃል። ሦስቱም ስህተት ነበሩ።

ለምን እንደተሳሳቱ ለመረዳት ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ወደ ኋላ መሄድ አለብን። በነገራችን ላይ «ፌዝ» በአማርኛ ቀልድ ማለትም ስለሆነ «ፌዝ ጠፋ» ሲባል የሚስቁ ልጆች አሉ። ሞተሩ የተቃጠለበት ሰው ግን አይስቅም።

መጀመሪያ አንድ እንግዳ የሂሳብ ነገር። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ሦስት ሽቦ ይገባበታል። አንዱ ቢቆረጥ ስንት ፌዝ ይቀራል? ሁለት ካላችሁ አልተሳካላችሁም። የሚቀረው አንድ ነው። በሁለት ሽቦ ብቻ ሲሆን በአንዱ የገባው ኤሌክትሪክ በሌላኛው ከመውጣት በቀር መሄጃ የለውም። ስለዚህ ሁለቱ ሽቦዎች የአንድ ነገር ሁለት ጫፍ ሆኑ ማለት ነው። ሦስት ልጆች መሬት ላይ የተተከለ መሽከርከሪያ ዙሪያ ቆመው በተራ በተራ ሲገፉት አስቡ፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይቀበለዋል፣ መሽከርከሪያውም ይዞራል። አንዱ ልጅ ሲሄድ የቀሩት ሁለቱ በአንድ ገመድ ወዲያና ወዲህ እንደሚጓተቱ ይሆናሉ። ጉልበት አለ፤ ወደ የትኛው ወገን ይዙር የሚለው ግን ጠፋ።

ይህን በተራ የሚገፋ ኃይል ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኖ ያሳየው ጣሊያናዊው የፊዚክስ መምህር ጋሊሌዎ ፌራሪስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ቱሪን ውስጥ፣ ጊዜያቸው በተለያየ ሁለት ተለዋዋጭ ጅረቶች የሚዞር መግነጢሳዊ መስክ ፈጠረ፤ ውጤቱን ያሳተመው በ1888 ነው። ፌራሪስ ግን በራሱ ሥራ ላይ መጥፎ ፍርድ ሰጠ። በስሌቱ መሠረት እንዲህ ያለ ሞተር ከሚወስደው ኃይል ከግማሽ በላይ ወደ ሥራ ሊለውጥ ስለማይችል ለኢንዱስትሪ አይረባም አለ። በዚያው ዓመት ኒኮላ ቴስላ አሜሪካ ውስጥ የባለ ብዙ ፌዝ ሞተር የፈጠራ መብቶቹን አስመዘገበ። የፌራሪስን ጽሑፍ አንብቦ ስህተቱን ያየው ደግሞ ሩሲያ የተወለደውና ጀርመን ውስጥ ይሠራ የነበረው ሚኻይል ዶሊቮ-ዶብሮቮልስኪ ነው። በ1889 ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ሠራ። ውስጡ የሚዞረው ክፍል ከውጭ ምንም ሽቦ የማይገባበት፣ እንደ ወፍ ቀፎ የተገጣጠመ ብረት ነበር። ዛሬ በወፍጮ ቤት፣ በእንጨት ቤት፣ በውኃ ፓምፕ የምታዩት ሞተር በመሠረቱ ያው ነው።

ዓለም ያመነው ግን በ1891 ነው። በፍራንክፈርት የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን ላይ፣ ላውፈን ከተባለች የወንዝ ዳር ከተማ ከነበረ የውኃ ኃይል ማመንጫ 175 ኪሎ ሜትር ያህል በሦስት ሽቦ ኤሌክትሪክ መጣ። አንድ ሺህ ያህል አምፖል አበራ፤ በሞተር የሚሠራ ፓምፕም ሰው ሠራሽ ፏፏቴ አወረደ። ከተላከው ኃይል ሦስት አራተኛው ገደማ ደረሰ። መስመሩ የተሠራው ለ15 ሺህ ቮልት ያህል ነበር። ይህ ቁጥር ለአዲስ አበባ ልጅ እንግዳ መሆን የለበትም፤ በሠፈራችሁ ምሰሶ ላይ ወደ ትራንስፎርመሩ የሚገቡት ሦስት ሽቦዎች በአብዛኛው የሚሸከሙት 15 ኪሎ ቮልት ነው። ልብ በሉ፣ ያኔ አዲስ አበባ ራሷ ከተቆረቆረች ገና ጥቂት ዓመቷ ነበር።

ወደ እኛም ብዙ አልቆየም። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1898 ገደማ፣ ቤተ መንግሥቱን የሚያበራ ጄነሬተር መጣ። በ1912 ደግሞ በአቃቂ ወንዝ ላይ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ተሠራ፤ የታሰበውም ለመብራት ብቻ አልነበረም፤ በከተማዋ ለተቋቋሙ ትናንሽ ፋብሪካዎችም ነበር። ከዚያ 6.6 ሜጋዋት የሚያመነጨው አባ ሳሙኤል፣ በ1956 የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን መቋቋም፣ በ1960 ከጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው 43.2 ሜጋዋቱ ቆቃ እያለ ቀጠለ። መሥሪያ ቤቱ ከዚያ ወዲህ ስሙን ደጋግሞ ቀይሯል፤ በሕዝቡ አፍ ግን እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» ነው። ኤሌክትሪኩ በደረሰበት ሁሉ ወፍጮ ተከተለ፤ ወፍጮ ባለበት ደግሞ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር አለ። እንጀራችን ለረጅም ጊዜ በዶሊቮ-ዶብሮቮልስኪ ሞተር ሲፈጭ ኖሯል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ችግሩ ከመከላከያው ጋር አብሮ መጣ። መስመርን ከአደጋ ለመጠበቅ በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ አንድ ፊውዝ ይደረጋል፤ ለሦስት ሽቦ ሦስት ፊውዝ። ፊውዝ ታማኝ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚያስበው። አንዱ ሲቀልጥ ሌሎቹ ሁለቱ ምንም አይሰሙም። ትራንስፎርመር ላይ አንደኛው ፊውዝ ወድቆ ተንጠልጥሎ አይታችሁ ይሆናል። ያን ጊዜ ሠፈሩ ለሁለት ይከፈላል። ትራንስፎርመሩ በተለመደው አስተሳሰር ከታሰረ አንደኛው ፌዝ 220 ቮልቱን እንደያዘ ይቀራል፤ ሁለቱ ግን ወደ ግማሹ ይወርዳሉ። አንዱ ቤት ቴሌቪዥን ያያል፣ ጎረቤቱ አምፖሉ ቀልቶበት ፍሪጁ እየተንቀጠቀጠ ይጨነቃል። በዚያ ሰዓት ፍሪጁን መንቀል ይበጃል።

ወፍጮ ቤቱ ውስጥስ? ሞተሩ ቆሞ ከነበረ አይነሳም፤ «እምምም» እያለ ያቃስታል፣ ይግላል። እየዞረ ከነበረ ግን የሚደንቀው ነገር ይመጣል፦ መዞሩን ይቀጥላል። መሽከርከሪያው ቀድሞ ስለተገፋ የቀረችው አንድ ፌዝ ታስኬደዋለች። ያንኑ ጤፍ ለመፍጨት ግን በቀሩት ሁለት ሽቦዎች የሚሄደው ጅረት ወደ 1.73 እጥፍ ያድጋል፤ ሙቀት ደግሞ ከጅረቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ ሽቦዎቹ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት 3 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ድምፁ ትንሽ ይለወጣል፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ከዚያ የተቃጠለ ቫርኒሽ ይሸታል።

ይባስ ብሎ ፈታሹንም ያታልላል። እየዞረ ያለ ሞተር ራሱ በትንሹ እንደ ጄነሬተር ስለሚሆን በጠፋው ሽቦ ጫፍ ላይ ቮልቴጅ ይፈጥራል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ቴስተሩን ሦስቱም ላይ ይነካል፤ ሦስቱም ይበራሉ። «ሦስቱም ፌዝ አለ» ብሎ ይሄዳል። ይህ የባለሙያው ስንፍና አይደለም፤ መሣሪያው የሚመልሰው ጥያቄ ሌላ ስለሆነ ነው። ቴስተር «ቮልቴጅ አለ ወይ?» ለሚለው ይመልሳል። መጠየቅ የነበረበት «ጅረት እየሄደ ነው ወይ?» የሚለው ነው። ለዚህ ነው ሽቦውን እንደ ፒንሳ አቅፎ ጅረት የሚለካው ክላምፕ ሜትር የሚያስፈልገው።

ነገሩን በሂሳብ የፈታው በካናዳ በሃድሰን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የተወለደው ቻርለስ ፎርተስኪው ነው። በ1918 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ሚዛኑን ያጣ ማንኛውም የሦስት ፌዝ ሥርዓት የሦስት ሚዛናዊ ሥርዓቶች ድምር ሆኖ ሊታይ እንደሚችል አሳየ፤ አንዱ በትክክለኛው አቅጣጫ የሚዞር፣ ሁለተኛው በተቃራኒው የሚዞር፣ ሦስተኛው ምንም የማይዞር። ፌዝ ሲጠፋ ሞተሩ ውስጥ ሁለት መስኮች አሉ ማለት ነው፤ አንዱ ወደፊት፣ ሌላው ወደኋላ። ሞተሩ በቆመበት ሁለቱ እኩል ስለሚጎትቱት አይነሳም። ሲዞር ወደፊቱ ያሸንፋል፣ ግን ወደኋላ የሚዞረው መስክ የሚዞረውን ብረት በእጥፍ ፍጥነት እየተሻገረ በ50 ሄርትዝ መስመር ላይ ወደ 100 ሄርትዝ የሚጠጋ ጅረት ይጭንበታል፤ ያግለዋል። ያ ሁሉ «እምምም» በአንድ ወረቀት ላይ ተፈታ። ለእኔ ይህ ከኤሌክትሪክ ምሕንድስና ውብ ሐሳቦች አንዱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ፈተና ላይ ሲያስቸግራችሁ እንዳትጠሉት አደራ።

በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ግን ሒሳብ አይሰቀልም። የተሰቀለው ባለሙያዎች «ኦቨርሎድ» የሚሉት የሙቀት ሪሌ ነው። ውስጡ በሙቀት እኩል የማይለጠጡ ሁለት ብረቶች አንድ ላይ ተጣብቀው አሉ፤ ሲግሉ ይጎብጣሉ። ሐሳቡን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ሰዓት ሠሪ ጆን ሃሪሰን ለመርከብ ሰዓት ተጠቅሞበታል። በሪሌው ውስጥ ሦስት እንዲህ ያሉ ብረቶች አሉ፤ ለእያንዳንዱ ፌዝ አንድ። በኋላ ላይ ደግሞ ብልህ ማሻሻያ ተጨመረ፦ ሁለቱ ጎብጠው አንዱ ቀዝቅዞ ቀጥ ካለ፣ ልዩነታቸው አንዲት ምላስ ያዘነብላል፤ ሪሌውም ከወትሮው ቀድሞ ይቆርጣል። ኤሌክትሮኒክስ የለውም፣ ግን የፌዝ መጥፋትን ያውቃል። ጉዳቱ ዘገምተኛ መሆኑ ነው፤ እስኪግል መጠበቅ አለበት። «ቶሎ ቶሎ እየቆረጠ አስቸገረን» ተብሎ ማስተካከያው ወደ ላይ ከተዞረማ መኖሩም አይጠቅም።

ወደ ግራጫዋ ሳጥን የሚወስደው መንገድ የተጀመረው በ1957 በአሜሪካ ታይሪስተር ሲሠራ ነው፤ ብዙ ጅረት በትንሽ ምልክት የሚከፍት የሲሊከን በር ነው። በ1968 የዴንማርኩ ዳንፎስ በብዛት የተመረተ ፍሪኩዌንሲ መለወጫ ለገበያ አወጣ። በፊንላንድ ስትሮምበርግ የተባለው ኩባንያ ቴክኖሎጂውን ለሄልሲንኪ ሜትሮ አበቃው፤ ሜትሮው በ1982 ተከፈተ። ለእኛ ቅርብ የሆነውን ምሳሌ ከፈለጋችሁ ከቀራንዮ ብዙም ሳይርቅ ጦር ኃይሎች ላይ የሚያበቃው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር አለ። በ2015 ሥራ የጀመረው ባቡር ከላይ ካለው ሽቦ የሚወስደው 750 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው፤ ሞተሮቹ የሚፈልጉትን ሦስት ፌዝ የሚያዘጋጀው ባቡሩ ራሱ ላይ የተጫነ መሣሪያ ነው።

የወፍጮ ቤቷ ሳጥንም የምትሠራው እንዲሁ ነው። ከምሰሶው የመጣውን 380 ቮልት ሦስት ፌዝ ወደ ቀጥተኛ ጅረት ትለውጠዋለች፤ 540 ቮልት ያህል ይሆናል። እሱን በትልልቅ ካፓሲተሮች ታጠራቅማለች። ከዚያ በስድስት ፈጣን ማብሪያ ማጥፊያዎች እየቆራረጠች አዲስ ሦስት ፌዝ ትሠራለች፤ ዩ፣ ቪ፣ ደብልዩ። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ከእንግዲህ ከምሰሶው ጋር በቀጥታ አይገናኝም። የመግቢያ ፌዝ ቢጠፋ ሳጥኗ የምታየው በካፓሲተሮቹ ላይ ያለው ቮልቴጅ ሲዋዥቅ ነው፤ መልእክቷም ሌላ ነው። «የሞተር ፌዝ ጠፍቷል» ካለች ግን ነገሩ ከሳጥኗ መውጫ ወዲህ ነው። ስለዚህ የደንበኞቹ ፍርድ፣ በአባቶቻቸው ዘመን ብዙ ጊዜ ትክክል የነበረው፣ እዚህ አይሠራም። በዚያ ቀን መብራት ኃይል ንጹሕ ነበር።

ሳጥኗ እንዴት አወቀች? በመውጫ ሽቦዎቿ ላይ ጅረት የሚለኩ ዳሳሾች አሏት። ብዙዎቹ የሚሠሩት ኤድዊን ሆል ገና ተማሪ ሳለ በ1879 ባገኘው ክስተት ነው፤ ጅረት የሚፈጥረው መግነጢስ በቀጭን ቁራጭ ላይ ትንሽ ቮልቴጅ ያስከትላል። ጅረት መለካት የተፈለገው በዋናነት ሳጥኗ ራሷን ከመቃጠል እንድትጠብቅና የሞተሩን ጉልበት በትክክል እንድትቆጣጠር ነበር። በሦስቱ ላይ ጅረት ካወቅህ ግን አንዱ ዜሮ መሆኑን ማወቅ ተጨማሪ ዋጋ የለውም። ቴስተሩ ያልጠየቀውን ጥያቄ ሳጥኗ ሁልጊዜ ትጠይቃለች። አልፎ አልፎ ግን ያለ ጥፋት ትጮኻለች፤ ለትልቅ ሞተር የተሠራች ሳጥን ላይ በጣም ትንሽ ሞተር ከታሰረ፣ ወይም ጠረጴዛ ላይ ያለ ሞተር ከተሞከረች፣ ጅረቱ ስለማይበቃት የጠፋ ይመስላታል።

አሁን ወደ ወፍጮ ቤቱ እንመለስ። ሦስተኛ ሰው ተጠራ፤ ወጣት ነው፣ ቦርሳው ቀላል። መጀመሪያ ዋናውን ማጥፊያ ዘጋና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ምንም ሳይነካ ቆመ።

«ምን ትጠብቃለህ ልጄ?» አሉት ባለቤቱ።

«እንድትራገፍ ነው ጋሼ። ውስጧ ያለው ካፓሲተር መብራት ከጠፋም በኋላ ይገድላል።»

ሳጥኗ ጎን ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ጊዜ አለ፤ 15 ደቂቃ የሚሉ ብዙ ናቸው። ጊዜው ሲሞላም ቀጥተኛውን ቮልቴጅ በመልቲሜትር ለክቶ ዜሮ መሆኑን አየ። እባካችሁ፣ ይህን ክፍል ለሠለጠነ ሰው ተዉት።

ከዚያ ከሳጥኗ መውጫ ላይ ሦስቱን ሽቦዎች ፈታና እያንዳንዱን በአንድ ቦታ አሸጋገራቸው፤ ደብልዩ ላይ የነበረው ዩ ላይ፣ የዩው ቪ ላይ፣ የቪው ደብልዩ ላይ ገባ። ሁለቱን ብቻ ቢያለዋውጥ ወፍጮው ወደኋላ ይዞር ነበር፤ ሦስቱን በአንድ ዙር ሲያሸጋግር ግን አቅጣጫው አይለወጥም። አስነሳት። አሁን መልእክቱ የዩ ፌዝ ጠፍቷል ሆነ። ጥፋቱ ሽቦውን ተከትሎ ሄደ። ሳጥኗ ጤነኛ ናት፤ የሁለተኛው ባለሙያ ምክር እዚህ ላይ ወደቀ።

እንደገና አጥፍቶ፣ እንደገና ጠብቆ፣ ሞተሩ ላይ ያለውን የተርሚናል ሳጥን ከፈተ። በሦስቱ ጫፎች መካከል ያለውን ተቃውሞ ሁለት ሁለት እያደረገ ለካ። ሦስቱም እኩል። ከዚያም የሞተሩን ገመድ ከሳጥኗ ፈጽሞ ነቅሎ በኢንሱሌሽን መለኪያ ሞከረው፤ መለኪያው የሚልከው ከፍተኛ ቮልቴጅ ሳጥኗ ላይ ከደረሰ ሊያበላሻት ስለሚችል ነው መንቀሉ። ሞተሩ ደኅና ነው። ታዲያ የመጀመሪያው ሰው ለምን ተቃጥሏል አለ?

መልሱ በሳጥኗና በሞተሩ መካከል፣ ዱቄት በለበሰ አሮጌ የብረት ካቢኔት ውስጥ ነበር። ድራይቩ ከመገጠሙ በፊት ወፍጮው የሚነሳው በስታር ዴልታ ማስነሻ ነበር። ድራይቩ ሲገባ ሁለቱ ኮንታክተሮች ተነሡ፤ ዋናው ግን «ይቀመጥ፣ ይጠቅም ይሆናል» ተብሎ መስመሩ ላይ ቀረ። ኮንታክተር ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ይከፈታል። የመጀመሪያው ሰው ሁሉን አጥፍቶ ከሳጥኗ በኩል ሲለካ በተከፈተ በር ፊት ቆሞ ነበር የሚለካው፤ ሦስቱም ጥንድ «መጨረሻ የሌለው» አሉት፣ እሱም ሦስቱም ጥቅልሎች ተቃጥለዋል ብሎ አመነ። ሦስት ጥቅልል በአንድ ጊዜ፣ ያውም ያለ ሽታ! ያ ራሱ ሊያጠራጥረው ይገባ ነበር።

ወጣቱ ሁሉም ነገር እንደጠፋ የኮንታክተሩን ምላስ በፕላስቲክ እጀታ ተጭኖ በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ ለካ። አንደኛው ዜሮ ገደማ። ሁለተኛው ዜሮ ገደማ። ሦስተኛው ምንም። ሽፋኑን ሲፈታው መገናኛው ጠቁሮ፣ ተበልቶ፣ እንደ ከሰል ተቦርቡሮ አገኘው። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ ሠራተኞቹ ወፍጮውን የሚያቆሙት በድሮው ቀይ ቁልፍ ነው። ድራይቩ ጅረት እየላከ ሳለ ኮንታክተሩ በመሐል ሲከፈት ሁልጊዜ ብልጭታ ይነሳ ነበር፤ ብልጭታው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ በላው።

«ይሄ ዕቃ ስንት ነው?» አሉ ባለቤቱ።

«አያስፈልግም ጋሼ። እናወጣዋለን፣ ገመዱን ቀጥታ እናስራለን። ማቆሚያውን ቁልፍ ወደ ሳጥኗ እወስደዋለሁ፤ ድንገት ለማቆምም ከሳጥኗ በፊት ያለውን ማጥፊያ ትጠቀማላችሁ።»

ሥራው ከመጠበቂያው ጊዜ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀ። ሽቦዎቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመለሱ፤ ሳጥኗ ስትነሳ መልእክቱ አልነበረም። ክላምፕ ሜትሩ በሦስቱም ላይ ተመሳሳይ ጅረት አሳየ። ባለቤቱ ቁጥሮቹን አንድ ባንድ አይተው ወደ በሩ ዞሩና ከንጋት ጀምሮ ከረጢቷ ላይ ተቀምጣ የነበረችውን ሴት ጠሩ።

«ነይ ልጄ፣ ያንቺ ሽሮ ይግባ።»